ስለ ጎዳና ውሾችና ስለ በጎ ፈቃደኞች ድካም

ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን ምዕራብ ከፍ ብሎ በሚታየው ኮረብታ ላይ፣ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት የደብረ ፀሐይ ቁስቋም ደብርና የቤተ መንግሥታቸው ፍርስራሽ ይገኛል። ኪዳን ለማድረስ ማልደው ወደዚህ ኮረብታ የሚወጡ ምእመናን ከቅጥሩ ሥርና ከመንገዱ ዳር ተኮራምተው ያደሩ ውሾችን አልፈው ይገባሉ፤ አንዳንዱ ውሻ ነጠላ ለባሹን ሁሉ እያየ ጅራቱን ይወዘውዛል፣ ሌላው ድንጋይ የለመደ በመሆኑ ገና የሰው ጥላ ሲያይ ይሸሻል፤ ጡቷ የተንዘለዘለ፣ የጎድን አጥንቷ የሚቆጠር አንዲት እናት ደግሞ ዓይናቸውን ገና የገለጡ ቡችሎቿን በካቡ ጉድጓድ ደብቃ፣ ከደጀ ሰላሙ በኩል ቁራሽ የሚጥልላት ሰው እንዳለ ከሩቅ ትመለከታለች።

እነዚህን ውሾች ያየ ሁሉ ባለቤት የላቸውም ብሎ መፍረዱ የተለመደ ነው። ነገር ግን ቀረብ ብሎ ለመረመረ ሰው፣ በአገራችን ከተሞችና ገጠሮች ሲዘዋወሩ ከሚታዩት ውሾች ብዙዎቹ ሌሊት ግቢ የሚጠብቁ፣ ቀን ግን ሰንሰለትም አጥርም ሳያግዳቸው ምግብ ፍለጋ የሚሰማሩ ሆነው ይገኛሉ። ጌታቸው ስም አውጥቶላቸዋል፤ ትራፊ ሲኖር ይሰጣቸዋል፤ ሌባ ሲመጣ ይጮኹለታል። ዳሩ ግን ማስከተቡን አያስታውስም፤ ሴቲቱ ውሻ በወለደች ጊዜም ወንዶቹን ቡችሎች ለጎረቤት አድሎ፣ ሴቶቹን በጆንያ ቋጥሮ ከወንዝ ዳር ወይም ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የሚጥል አይጠፋም። እንግዲህ የጎዳናው ውሻ የትውልድ ሐረጉ ቢመረመር መነሻው ጎዳናው ሳይሆን ግቢው ነው።

የውሻ እርግዝና 63 ቀን ገደማ ነው። ሴቲቱ ዓመት ሳይሞላት ለመፀነስ ትደርሳለች፣ በዓመትም ሁለት ጊዜ ያህል ልትወልድ ትችላለች፤ በአንድ ወሊድ አራት ወይም አምስት፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጡ ቡችሎች ይገኛሉ። ከእነዚህ ስንቱ እንደሚያድግ የሚወስነው የሚገኘው ምግብ ነው፤ ምግቡን ደግሞ የምናቀርበው እኛው ነን። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ በቁስቋም በእቴጌይቱ ጥላ ሥር የተቀመጠው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ የከተማይቱ መንገዶች ከምሽት እስከ ንጋት በጅብ የተሞሉ እንደ ነበሩ ጽፏል፤ ጅቡን ወደ መንገዱ የሚጠራው በየሜዳው የሚጣለው ሬሳና ጥንብ ነበር። በዘመናችንም የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሰሜን ኢትዮጵያ ያደረጉት፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ይህንኑ የሚያጸና ነው፤ በዐቢይ ጾም ሉካንዳው ሲዘጋና የእርድ ተረፈ ምርት ሲጠፋ፣ ጅቦቹ ፊታቸውን ወደ አህያ አዙረው ከቀድሞው እጅግ አብልጠው ሲበሉ፣ ከፋሲካ በኋላ ግን ይህ እንደሚቀንስ በጥናቱ ታይቷል። የአራዊት ኑሮ በሰው ማዕድና በሰው ጾም እንዲህ ከተመራ፣ ከእኛ ጋር የሚያድረው ውሻማ ምን ያህል የእኛን እጅ እየተከተለ እንደሚበዛና እንደሚያንስ መገመት አያስቸግርም።

የውሻ መብዛት የሚያስከትለው ጣጣ የሌሊት ጩኸት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰው ታግሦ ባለፈው ነበር። ነገር ግን የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ ከመቶው 99 ያህሉ ሰው በሽታውን የሚያገኘው ከውሻ ሲሆን፣ ከተጠቂዎቹም መካከል ብዙ ሕፃናት ይገኙበታል። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1903 ታላቅ ወረርሽኝ መነሣቱ በታሪክ ተመዝግቧል። የተነከሰ ሰው ጠበሉን በእምነቱ ሊጠመቅ ይችላል፤ ነገር ግን ቁስሉን ወዲያውኑ በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል ማጠብና ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ ግዴታው ነው፤ የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለምና።

በዚህ ፍርሃት ምክንያት የከተማ አስተዳደሮች ከጥንት ጀምሮ የያዙት ዘዴ መግደል ነው። በአገራችን የታወቀው በሥጋ ውስጥ የሚቀበር ስትሪክኒን የተባለ መርዝ ሲሆን፣ የበላው እንስሳ ልቡናው ሳይጠፋ ጡንቻው እየተኮማተረ ታፍኖ ይሞታል፤ ሬሳውን የበላ ጥንብ አንሣም ይከተለዋል። ይህ ሁሉ ጭካኔ ለጥቅም ቢሆን እንኳ ባከራከረ ነበር፤ ነገር ግን ጥቅሙም የለም። ምግቡ በስፍራው እስካለ ድረስ በተገደሉት ፋንታ ከሌላ ሰፈር ሌሎች ይመጣሉ፣ የተረፉት ቡችሎችም ተፎካካሪ አጥተው በብዛት ያድጋሉ፤ ነገሩ የአረሙን ሥር ትቶ ጫፉን ብቻ እንደ ማጨድ ይሆናል። በሞቱት መካከል የተከተቡ ካሉም፣ ሰፈሩ ራሱን ከበሽታ የሚጠብቅበትን አጥር በገዛ እጁ አፈረሰ ማለት ነው፤ ከውሾቹ 70 በመቶ ያህሉ ከተከተቡ በሽታው መተላለፉን እንደሚያቆም የታወቀ ነውና።

ይህን በመረዳት ረገድ መንግሥታትን የቀደሙት ብዙውን ጊዜ በገዛ ፈቃዳቸው የተሰባሰቡ ሰዎች ናቸው። በለንደን እ.ኤ.አ. በ1860 ሜሪ ቲልቢ የተባሉ ሴት ለጠፉና ለተራቡ ውሾች መጠለያ ሲከፍቱ ብዙ ሰው ቢሳለቅባቸውም፣ ሥራው ባተርሲ ወደ ተባለው ሰፈር ተዛውሮ እስከ ዛሬ አለ። ነገር ግን መጠለያ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ኋላ ታወቀ፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በየዓመቱ ከ12 ሚሊዮን የማያንሱ ውሾችና ድመቶች ቦታ በማጣት በየመጠለያው እንደ ተገደሉ ሲገመት፣ ዛሬ ቁጥሩ ከአንድ ሚሊዮን በታች ሊወርድ የቻለው፣ ከሌላው ሁሉ ይልቅ፣ እንስሳቱን ማምከን በመለመዱ ነው። በሕንድ የማድራስ ከተማ አስተዳደር ከመቶ ዓመት በላይ ውሾችን ሲገድል ኖሮ ቁጥራቸውን ሊያሳንስ ባለመቻሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 የተቋቋመው ብሉ ክሮስ የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ለብዙ ዓመታት ሲወተውት ቆይቶ፣ በ1996 ውሾቹ እየተያዙ፣ እየመከኑና እየተከተቡ ወደየሰፈራቸው እንዲመለሱ አስወስኗል።

በአገራችንም የዚህ ሐሳብ ተከታዮች አልታጡም። እ.ኤ.አ. በ2001 ኤፍሬም ለገሠና ሐና ክፍሌ የመሠረቱት፣ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ «ሃፕስ» እየተባለ የሚጠራው የቤት አልባ እንስሳት ጥበቃ ማኅበር፣ ውሾችን በመርዝ መግደል እንዲቀርና በምትኩ ማምከን፣ ማስከተብና ሕዝብን ማስተማር እንዲለመድ የደከመ ነው። ድኻው ራሱ በሚራብበት አገር ለውሻ መከራከር ከብዙ ሰው ዘንድ ፌዝ የሚያተርፍ ሥራ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ሆኖም ውሻው በተከተበ ጊዜ ከሞት የሚተርፈው የድኻው ልጅ ነው።

የነገሩ ፍሬ ከከተማም አልፎ እስከ ስሜን ተራሮች ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ በጎንደርና በስሜን የተጓዘው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀው ቀይ ቀበሮ፣ ዛሬ በመላ ኢትዮጵያ ዐዋቂዎቹ 500 የማይሞሉ ሲሆኑ፣ ካሉባቸው ጥቂት ስፍራዎች አንዱ ይኸው የስሜን ደጋ ነው። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2003 ከእረኛ ውሾች የተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ የቀበሮዎቹን መንጋ ስለ ፈጀ፣ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የሚሠራው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም የባላገሩን ውሾች መንደር ለመንደር እየዞረ ይከትባል፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህም በሥጋ ውስጥ የተደበቀ ክትባት ለቀበሮዎቹ ለራሳቸው መስጠት ተጀምሯል።

ማምከን ሲባል ባላገሩ የማያውቀው የባዕድ ጥበብ የሚመስለው ካለ፣ በሬውን ለእርሻ፣ በጉን ለሙክት የሚያኮላሸው ማን እንደ ሆነ ያስታውስ። ልዩነቱ፣ ሴቲቱ ስትመክን ሐኪምና ማደንዘዣ ማስፈለጉ ነው። ውሻይቱ ትመዘናለች፤ እንደ ክብደቷ ተለክቶ ማደንዘዣ ትወጋለች፤ ሆዷ ተላጭቶ በአዮዲን ከታጠበ በኋላ ሐኪሙ ከጥቂት ጣት በማይበልጥ ቀዳዳ በኩል እንቁልጢዎቿንና ማሕፀኗን አውጥቶ፣ የደም ሥሮቹን በክር አስሮ ይሰፋል፤ ተኝታ ሳለች የእብድ ውሻ ክትባት ይሰጣታል፣ ሁለተኛም እንዳትያዝ ጆሮዋ ጫፉ ላይ በትንሹ ተቆርጦ ምልክት ይደረግባታል። በጎ ፈቃደኛው የሚያስፈልገው ከዚህ በፊትና ከዚህ በኋላ ነው፦ ውሻይቱን ሳይደበድብ የሚይዝ፣ እስክትነቃ በብርድ ልብስ ሸፍኖ የሚጠብቅ፣ ቁስሉ እንዳያመረቅዝ የሚያይ፣ ሲሽርም ወደ ሰፈሯ የሚመልስ።

ከሃይማኖት በኩል ውሻ እንደ ርኩስ መቆጠሩን የሚጠቅስ ሰው ይኖራል። ነገር ግን ጦብያን እስከ ሩቅ አገር ተከትሎ የሄደው ውሻ በመጽሐፈ ጦቢት የተጻፈ ነው፤ በተአምረ ማርያምም እመቤታችን በጫማዋ ቀድታ የተጠማ ውሻ ያጠጣችበት ታሪክ ካህናቱ የሚያነቡት፣ ሠዓሊዎችም የሚሥሉት ነው። ስደቷ በሚታሰብበት ወርኃ ጽጌ ማኅሌት ቆሞ፣ ኅዳር 6 ቀንም በዓለ ቁስቋምን የሚያከብር ጎንደሬ፣ ማደሪያ ላጣ ፍጥረት መራራትን ከሌላ አገር ሊማር አያስፈልገውም።

የጎደለው ሥርዓት ነው። ጎንደር የእንስሳት ሐኪሞችን የሚያሠለጥን ዩኒቨርሲቲ አላት፤ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለበጎ አድራጎት መደራጀትን ፈቅዷል፤ እድሩም አባሎቹን በመዝገብ መያዝ ከጥንት ያውቅበታል። የሰፈሩ ውሾች በግቢ በግቢያቸው ቢመዘገቡ፣ በዓመት አንድ የክትባት ቀን ቢወሰን፣ ሉካንዳው አጥንቱንና አንጀቱን በሜዳ መጣሉን ቢተው፣ ሴቶቹም ተራ በተራ ቢመክኑ፣ መርዝ የሚያስነሣው ምክንያት ቀስ በቀስ ይጠፋል። ይህ ሁሉ ማኅበርና ገንዘብ የሚፈልግ ቢሆንም፣ የመጀመሪያው ሥራ ግን ማኅበር እስኪቋቋም የሚጠብቅ አይደለም፤ በግቢው ሴት ውሻ ያለችው ሰው ሁሉ፣ ዳግመኛ ሳትወልድ ወደ ሐኪም በመውሰድ ዛሬውኑ ሊጀምረው ይችላል።