አንድ መስመር፣ ሁለት መስመር

ከፋርማሲ የሚገዛውን የእርግዝና መመርመሪያ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። በኮሮና ጊዜም ተመሳሳዩን አይተናል። በር ዘግተን መስመሩን ስንጠብቅ ልባችን ይመታል። ታዲያ መስመሩ ምን እንደሚነግረን ብናውቅ ጭንቀቱ ይቀንስልናል።

በፕላስቲኩ ውስጥ ወረቀት የመሰለ ቀጭን ነገር አለ። የኩራዝ ክር ጋዙን እንደሚስብ እርሱም ሽንቱን ወይም ደሙን ያለ ባትሪ ይስባል። ፈሳሹ በመንገዱ ላይ በዓይን የማይታዩ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶችን ያገኛል። አንዳንዶቹ ከወርቅ የተሠሩ ስለሆኑ ቀይ ሆነው ይታያሉ፤ ሌሎቹ ቀለም የተነከረ ፕላስቲክ ናቸው። በእያንዳንዱ ቅንጣት ላይ አንድ ነገር ብቻ ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ ተለጥፏል። በእርግዝና ምርመራ የሚይዘው ጽንሱ ማኅፀን ላይ ከተጣበቀ በኋላ የሚመነጨውን ሆርሞን ነው።

ሆርሞኑ ካለ ቅንጣቶቹ ይዘውት ይሄዱና «ቲ» በተባለው የፈረንጅ ፊደል ፊት ለፊት ይቆማሉ። ብዙ ሆነው ሲከማቹ መስመር ሆነው ይታያሉ። «ሲ» ላይ ያለው መስመር ግን ሆርሞኑ ቢኖርም ባይኖርም መታየት አለበት፤ መመርመሪያው በትክክል መሥራቱን የሚመሰክር እርሱ ነው።

ስለዚህ በእርግዝናም በኮሮናም ምርመራ «ሲ» ብቻ ከታየ የተፈለገው ነገር አልተገኘም። ሁለቱም ከታዩ፣ «ቲ» ቢደበዝዝም እንኳ፣ ተገኝቷል። «ሲ» ካልታየ መመርመሪያው ተበላሽቷልና በአዲስ ይደገም። በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ደቂቃ በኋላም አታንብቡት፤ ሲደርቅ የሚቀረው ጥላ ያሳስታል።

ፈጣኑ የኤችአይቪ ምርመራም በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ የሚፈልገው ግን ቫይረሱን ሳይሆን ሰውነታችን የሚያመርተውን አንቲቦዲ ነው። ስለዚህ ቫይረሱ ከገባ በኋላ እስከ 3 ወር ድረስ ላያገኘው ይችላል። በሌላ በኩል የአንድ ጊዜ «አለ» የመጨረሻ ቃል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመክረው በተለያዩ መመርመሪያዎች ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ሲታይ ብቻ እንዲረጋገጥ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የመኖሪያ ፈቃዳችን በምርመራ ውጤት ላይ ስለሚወሰን ይህን ማወቅ ይጠቅመናል።

ዛሬ ተመራማሪዎች በትንሽ ፕላስቲክ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ቦዮች እየሠሩ፣ በዓይናችን ፈንታ በብርሃን የሚያነብ መሣሪያ ይጨምሩበታል። ይህም «አለ» ወይም «የለም» ከማለት አልፎ መጠኑን ይለካል።

እህቶቻችን፣ ክፉ ውጤት ቢነገራችሁ ከመደንገጣችሁ በፊት «በሌላ ምርመራ ይረጋገጥልኝ» በሉ። ይህን መጠየቅ ነውር የለውም።