ጭሰኛ፦ በአዋጅ የተሻረ ግንኙነትና በቋንቋ የቀረ ስሙ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ በባለመሬትና በጭሰኛ መካከል የነበረውን ግንኙነትም አብሮ ሻረ። ጭሰኛው ከኪራይ፣ ከዕዳና ከሌላም ግዴታ ነጻ ሆነ። ግንኙነቱን ይሸከሙ የነበሩት ቃላት ግን አብረው አልተሻሩም። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው እነዚህ ቃላት ከአዋጁ በፊትና በኋላ የያዙትን ፍች ነው።

«ጭሰኛ» (በአንዳንድ አካባቢ «ጢሰኛ») ከ«ጭስ» በ«-ኧኛ» ቅጥያ የተመሠረተ ስም ነው፤ አመሠራረቱም እንደ «ፈረሰኛ» ያለ ነው። ቃሉ ሰውዬውን የሚጠራው በሥራው አይደለም፤ በሌላ ሰው መሬት ላይ ጎጆ ቀልሶ ጭስ በማጨሱ እንጂ። ድርሻን የሚገልጹት ስያሜዎችም እንዲሁ በባለመሬቱ በኩል የቆሙ ናቸው። «እኩል አራሽ» የምርቱን ግማሽ፣ «ሲሶ አራሽ» አንድ ሦስተኛውን፣ «እርቦ አራሽ» ሩቡን ለባለመሬቱ የሚሰጥ ነው። አራሹ የሚጠራው ለራሱ በሚያስቀረው ሳይሆን በሚሰጠው መጠን ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የባለመሬቱ ድርሻ እስከ ሦስት አራተኛ እንዲደርስ ይፈቅድ ነበር።

በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው በአዲስ አበባ ሲሰለፉ አዲስ ቃል አልፈጠሩም። «አራሽ» ከ«አረሰ» የወጣ፣ በ«ሲሶ አራሽ» ውስጥ የነበረ ቃል ነው። መፈክሩ ክፍልፋዩን አንሥቶ አራሹን ብቻውን አቆመው። ከአሥር ዓመት በኋላ የወጣው አዋጅም የመሬት ይዞታን በራስ ጉልበት ከማረስ ጋር አያያዘ። የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ መሬትን መሸጥንና ማከራየትንም ከለከለ። እ.ኤ.አ. በ1861 ነጻ የወጡት የሩስያ ገባሮች ለተሰጣቸው መሬት ለብዙ ዓመታት የቤዛ ክፍያ ሲከፍሉ፣ ኢትዮጵያዊው ጭሰኛ ለመሬቱ እንዲከፍል አልተጠየቀም።

ይሁን እንጂ በ800 ሄክታር፣ ማለትም በ20 ጋሻ መሬት ላይ እንዲቋቋም የታዘዘው ድርጅት «የገበሬ ማኅበር» ተባለ። «ገበሬ»፣ «ገባር» እና «ግብር» ሥራቸው አንድ ነው፤ ገ-በ-ረ። በግዕዝ «ገብረ» «ሠራ፣ አደረገ» ማለት ሲሆን በአማርኛ «ገበረ» «ግብር ከፈለ» ሆኗል። ከግዴታው ነጻ የወጣው ሰው አዲሱን ስሙን ያገኘው ሥራንና ግብርን ካስተሳሰረው ከዚሁ ሥር ነበር።

የናይሮቢ ጎረቤት የሆነው የኪኩዩ ቋንቋ ለንጽጽር ይረዳል። በሌላ ወገን ርስት ላይ በፈቃድ የሚያርሰው ሰው «ሞሆይ» (ብዙው «አሆይ») ይባላል፤ ቃሉ «ሆያ»፣ «ለመነ፣ ጠየቀ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው። አማርኛ በጭሱ የሚጠራውን ሰው ኪኩዩ በልመናው ይጠራዋል። የፍጻሜያቸው መንገድ ግን ተቃራኒ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1954 በኋላ በስዊነርተን ዕቅድ መሠረት መሬት ተጠቃልሎ በግለሰብ ስም ሲመዘገብ ባለርስቱ ሰነድ አገኘ፤ ብዙ አሆይ ግን በልማድ የነበራቸውን የማረስ ፈቃድ አጡ። በአንዱ አገር ግንኙነቱ ሲሻር መሬቱ ለአራሹ ቀረ፤ በሌላው ግንኙነቱ ሲቋረጥ አራሹ ከመሬቱ ወጣ።

በአማርኛ ዛሬም ጉልበት ወይም በሬ ያጣ ሰው መሬቱን «ለእኩል» ይሰጣል። ሰጪው አቅም ያጣች አሮጊት፣ ተቀባዩም ጥንድ በሬ ያለው ጎረቤት ሊሆን ስለሚችል፣ ቃሉ ቢቀርም የበላይና የበታች ትርጉሙ ተለውጧል። «ጭሰኛ» በአንጻሩ ከእርሻው ወጥቶ ወደ ክርክር ገብቷል፤ የመሬት ፖሊሲን የሚነቅፉ ሰዎች ገበሬው «የመንግሥት ጭሰኛ» ሆኗል ይላሉ። ስለዚህ መዝገበ ቃላት «ጭሰኛ»ን «ጥንት የነበረ» ብሎ ቢያልፈው የቃሉን ግማሽ ፍች ይጥላል። ሕጉ የሻረው የኪራይ ግዴታውን ነው፤ በሰው መሬት ላይ በሌላው ፈቃድ የመኖርን ስሜት ግን ተናጋሪዎቹ እስከ ዛሬ በዚሁ ቃል ይጠሩታል።