የጽሑፍ ማቀናበሪያ ቅጽን ከመረጃ ቋት ጋር ስለ ማገናኘት

መግቢያ

በትምህርት ቤት ጽሕፈት ቤት ውስጥ የአንድ ተማሪ ስም ብዙ ጊዜ ይገለበጣል። ወላጅ ወይም አሳዳጊ ባስሞላው የምዝገባ ቅጽ ላይ ከሰፈረ በኋላ ወደ ስም መጥሪያ፣ ወደ ውጤት መዝገብና በመጨረሻም ወደ መሸኛ ይተላለፋል። በእያንዳንዱ ግልበጣ ስሕተት ሊገባ ስለሚችል፣ በመዝገብ «ኃይሉ»፣ በምስክር ወረቀት «ሀይሌ» ተብሎ የተጻፈ ልጅ የውጤቱ ባለቤት እርሱ መሆኑን ለማስረዳት ይቸገራል። በመሆኑም አንድ ጊዜ የተጻፈ መረጃ ሳይገለበጥ ከቅጹ ወደ መዝገቡ የሚገባበትን መንገድ ማወቅ ይጠቅማል። ለምሳሌ ያህል ማይክሮሶፍት ወርድና ማይክሮሶፍት አክሰስ የተባሉት ፕሮግራሞች ተወስደዋል።

የሁለቱ ፕሮግራሞች ጠባይ

ወርድ ጽሑፍን የሚያየው እንደ ገጽ ነው፤ የትኛው ቃል የተማሪው፣ የትኛው የአባቱ ስም እንደ ሆነ አይለይም። የመረጃ ቋት ግን እያንዳንዱን ነገር በረድፍና በዓምድ ለይቶ በሰንጠረዥ ያኖራል። ይህ አሠራር ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ባቀረበው ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ነው። እንግዲህ ማገናኘት ማለት በገጹ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ክፍት ቦታ ከሰንጠረዡ አንድ ዓምድ ጋር ማዛመድ ነው።

የሥራው ቅደም ተከተል

በመጀመሪያ በመረጃ ቋቱ ውስጥ የተማሪ ሰንጠረዥ ይዘጋጃል። የመለያ ቁጥር፣ የተማሪው፣ የአባትና የአያት ስም ለየብቻቸው ዓምድ ይሰጣቸዋል።

ቀጥሎም በወርድ ቅጽ ላይ በእያንዳንዱ ክፍት ቦታ የመሙያ ሳጥን ይገባል። ለሳጥኑም ከዓምዱ ጋር አንድ የሆነ መለያ ስም ይሰጠዋል።

በመጨረሻም በቪዥዋል ቤዚክ አጭር ማክሮ ይጻፋል። ማክሮው ሳጥኖቹ መሞላታቸውን ይመረምራል፣ ከመረጃ ቋቱ ጋር ግንኙነት ይከፍታል፣ አዲስ ረድፍ እንዲገባ ያዝዛል፣ ከዚያም ግንኙነቱን ይዘጋል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ጥንቃቄ ይሻሉ። ያልተሞላ ሳጥን «እዚህ ይጻፉ» የሚል ማሳሰቢያ ስለሚያሳይ፣ ማክሮው ካልመረመረ ይኸው ማሳሰቢያ እንደ ልጁ ስም ይመዘገባል። ሁለተኛም፣ የተሞላው ቃል ከትእዛዙ ጽሑፍ ጋር ሳይቀላቀል በተለየ መለኪያ መተላለፍ አለበት። አለዚያ በላቲን ፊደል ተጽፎ የጥቅስ ምልክት የያዘ ስም ትእዛዙን ያበላሸዋል።

ከአማርኛ ጽሕፈትና ከዘመን አቈጣጠር የሚመጡ ጉዳዮች

የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የፊደላት መለያ ሥርዓት ውስጥ ስለ ገባ፣ በቅጹ ላይ የተጻፈ አማርኛ ወደ ሰንጠረዡ በትክክል ይደርሳል። ነገር ግን የማክሮው መጻፊያ ገጽ ፊደሉን ስለማይቀበል በኮዱ ውስጥ የተጻፈ አማርኛ ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣል። ስለዚህ የዓምዶችና የሳጥኖች መለያ ስም በላቲን ፊደል ቢሆን ይመረጣል።

ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ እንዲሁም ሰ እና ሠ በንባብ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒዩተር የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበው «ሀይሉ» ተብሎ ቢፈለግ አይገኝም። መፍትሔው ስሙን ቤተሰቡ እንደ ጻፈው ጠብቆ፣ ሞክሼ ፊደላት ወደ አንድ የተመለሱበትን ሌላ ዓምድ ለፍለጋ ብቻ መያዝ ነው።

የቀን ዓምድ የሚከተለው የጎርጎርዮስን አቈጣጠር ነው። ጥቅምት 30 ቀን «30/2» ተብሎ ቢጻፍ፣ በዚያ አቈጣጠር ሁለተኛው ወር 30 ቀን ስለሌለው ዓምዱ አይቀበለውም፤ 13ኛ ወርም አያውቅም። ከዚህ የሚከፋው፣ ተቀባይነት አግኝቶ በሌላ ቀን የሚተረጎመው ነው። ስለዚህ ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረት በሦስት የቁጥር ዓምዶች ቢያዙ ይሻላል።

ማጠቃለያ

ይህ ዘዴ የግልበጣን ስሕተት ያስቀራል እንጂ በመጀመሪያው ጽሕፈት የተፈጸመውን አያርምም። እንዲያውም አንድ ጊዜ የተሳሳተ ስም ወደ ሰነዶች ሁሉ ይዛመታል። ስለሆነም ረድፉ ከመጽደቁ በፊት የተሞላው ቅጽ ለወላጅ ወይም ለአሳዳጊ ሊነበብና ሊረጋገጥ ይገባል።