ከስፌት ቤቱ ጓዳ፦ ስለ ውሻ ቀበቶ የማይነገረው

ሻጩ «ኦሪጅናል ቆዳ ነው» ብሎ ሲምልላችሁ እኛ ከኋላ ያለነው ሰፊዎች አንገታችንን ደፍተን ክር እንስባለን። አይዋሽም፤ ቆዳ ነው። ግን ምን ዓይነት ቆዳ እንደሆነና ቤት ገብቶ ምን እንደሚገድለው አይነግራችሁም። ጠጋ በሉ። ከእኔ ሰማን ግን እንዳትሉ።

መጀመሪያ ቀለም ያልደረሰበትን ጠርዝ ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ በቀዳዳው ውስጥ ይታያል። መሃሉ ወደ ሰማያዊ ግራጫ ካደላ በክሮም የለፋ ነው። ከላይ እስከ ታች ቡናማ ከሆነ ደግሞ ከዛፍ ቅርፊትና ከቅጠል በሚገኝ ታኒን የለፋ ሳይሆን አይቀርም። በዓለም ላይ ከሚለፋው ቆዳ አብዛኛው የክሮም ነው፤ ልስልስ ያለ ነው፣ ውሃም ይችላል። የታኒኑ ጠንከር ይላል፣ እያረጀ ያምራል፣ ነገር ግን ውሃ ጠብ ሲልበት ወዲያው ይጠቁራል። ሦስተኛም አለ፤ እሱን ድምፄን ዝቅ አድርጌ ልንገራችሁ። የቆዳ ፍርፋሪ ተፈጭቶ፣ በሙጫ ተጋግሮ፣ ላዩ ፕላስቲክ የለበሰ። ጠርዙን በጥፍር ጫር ስታደርጉት ይፈረፈራል። ያንን ምንም ቅባት አያድነውም፤ ይህን ጽሑፍ ማንበቡንም እዚህ ላይ ማቆም ይቻላል።

አሁን ገልብጡት። ላዩ ያብረቀርቃል፣ ሥሩ ግን ውስጡን ለቄስ ነው። ሰዉ «የውሻው ላብ ነው» ይላል። ውሻ እንደ እኛ አንገቱን አያልበውም፤ ላቡ በዋናነት የሚወጣው በእግሩ መዳፍ ነው። እዚያ ሥር የተጋገረው የገላው ወዝ፣ የረገፈ ፀጉርና አቧራ ነው። ወዝ በውሃ ብቻ ስለማይለቅ ባለቤቱ ይናደድና የልብስ ሳሙና ያነሳል፤ ቀበቶውን ገንዳ ውስጥ ይዘፈዝፈዋል። ዕቃው የሚሞተውም ያኔ ነው። የለፋ ቆዳ ወደ አሲድ ያደላል፤ ፒኤቹ 4 አካባቢ ነው። የልብስ ሳሙና ግን ወደ 10 ይጠጋል። ሳሙናው እድፉን ይዞ ሲወጣ፣ ፋብሪካው ቆዳውን ለማለስለስ ያጠጣውን ቅባትም ጠራርጎ ይወስደዋል። ሲደርቅ ይገትራል፣ ቀጥሎ ይሰነጠቃል፣ እናንተም ወደ ሱቁ ትመለሳላችሁ። ሻጩ ለምን ዝም እንደሚል አሁን ገባችሁ?

እኛ የራሳችንን ስናጸዳ ውሃ የመጨረሻው ነገር ነው። መጀመሪያ በደረቁ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ የስፌቱን መስመር ተከትለን እንጠርጋለን። ዘለበቱ የታጠፈበት ሥር ብዙ አሸዋ ይሸሸጋል፤ ክሩን ቀስ በቀስ የሚቆርጠው እሱ ነው። ከዚያ የሕፃን ሻምፑ ወይም የኮርቻ ሳሙና አረፋ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ይነሳል። አረፋው ብቻ፣ ውሃው አይደለም። ውስጠኛው ገጽ ላይ ክብ ክብ እያደረግን እናሸዋለን፤ ጨርቁ ሲጠቁር በንጹህ ቦታው እንቀጥላለን። በመጨረሻ በሌላ እርጥብ ጨርቅ ሳሙናውን አንስተን ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚገባበት ቦታ ዘርግተን እናሳድረዋለን። ፀሐይ አይነካውም። ምድጃ አጠገብ መስቀልማ አይታሰብም፤ በታኒን የለፋ እርጥብ ቆዳ ከ70 እስከ 85 ዲግሪ ሙቀት ላይ ይኮማተራል፣ ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለውም።

ቅባትን በተመለከተ፣ ቅቤ ቆዳ እንደሚያለሰልስ እናቶቻችን ያውቃሉ፤ እውነት ነው። ግን ቅቤ የተቀባ ቀበቶ ለውሻ ቁርስ ነው፤ ሳይበላ ከቆየም ይከረፋል። የጫማ ቀለም የሚያስቀቡም አሉ። የሊስትሮ ወዳጆቼ ይቅር ይበሉኝ፣ እሱ የተሠራው ለጫማ ነው፤ ማቅለሚያውና ማሟሟያው ከፀጉሩ ላይ ወደ ውሻው ምላስ ይሄዳል። እኛ ጓዳ ውስጥ የምንጠቀመው የንብ ሰም ነው፤ አገራችን በሰም ምርት ከዓለም ፊተኞች ተርታ ናት፣ ምን ሩቅ ያስኬዳል? አንድ እጅ ሰም ከሁለት እጅ የወይራ ዘይት ጋር በሙቅ ውሃ ላይ ቀልጦ ሲቀዘቅዝ ይረጋል። ለአንድ ቀበቶ የሽንብራ ፍሬ የምታህል ትበቃለች። ቅባት የጠገበ ቆዳ ይላላል፣ ቀዳዳው ይለጠጣል፣ አቧራም ይጠራል። በዓመት ሁለት ሦስቴ፣ በተለይ ክረምቱ ሲወጣ፣ በቂ ነው።

ዘለበቱ ላይ ማግኔት አስጠጉ። ከሳበው ብረት ነው፤ ኒኬሉ ሲላጥ ይዝጋል። በታኒን በለፋ ቆዳ ላይ ብረቱ እርጥበት ሲያገኝ ጥቁር ነቁጥ ይተዋል። የጥንት የአውሮፓ ጸሐፊዎች ቀለም ይሠሩ የነበረው በዚሁ በብረትና በታኒን ግንኙነት ነው፤ ስለዚህ አትፈግፍጉት፣ በሳሙና አይለቅም። ነሐስ ይሻላል፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ነው።

በነሐሴ ፌስታል ውስጥ የተቀመጠ ቀበቶ ነጭ ሻጋታ ያወጣል። ከቤት ውጭ አራግፉት፣ ኮምጣጤ በእኩል ውሃ በርዛችሁ አብሱት፣ አድርቁት።

ስፌቱ ከተተረተረ ሻጩ «አይሰፋም፣ አዲስ ውሰዱ» ይላችኋል። ይሰፋል። ወስፌና ሰም የታሸ የናይለን ክር ያለው ማንኛውም ጫማ ሰፊ በዚያው ቀዳዳ መልሶ ይሰፋዋል። ብቻ መጀመሪያ ዘለበቱ የሚውልበትን ቀዳዳ ወደ ውጭ አጥፋችሁ እዩት። ቀጫጭን ስንጥቆች ከታዩ ቆዳው አልቋል፤ ውሻው ድመት አይቶ ሲፈናጠር የሚበጠሰው እዚያ ላይ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ሲያመጡልን እኛም ወስፌ አናነሳም።