ኩኪ፦ ሳናውቀው የምንይዘው ካርድ

አጎቴ አንድ ቀን ማታ ስልኬን ተውሰው ግማሽ ሰዓት ያህል ሲነካኩ ቆዩና መለሱልኝ። በማግስቱ ዜና ለማንበብ ስከፍት ከጽሑፉ መሀል የኩላሊት ሕክምና የሚሰጥ የውጭ አገር ሆስፒታል ማስታወቂያ ወጣ። የእግር ኳስ ውጤት ሳይም እሱው፤ የሽሮ አሠራር ስፈልግም እሱው። በሦስተኛው ቀን ገባኝ።

«ጋሼ፣ አሞዎታል እንዴ?»

ፊታቸው ተለዋወጠ። «ማን ነገረህ?»

የነገረኝ ኩኪ ነው። ለባለቤታቸው እንኳ ያልተናገሩትን ነገር ስልኬ አወጣባቸው።

ኩኪ ማለት አንድ ድረ ገጽ «ይህን ያዝልኝ፣ ስትመለስ ታሳየኛለህ» ብሎ ለብሮውዘራችን የሚሰጠው አጭር ጽሑፍ ነው። ቫይረስ አይደለም፤ በራሱ የሚሠራው ነገርም የለም። ጤና ጣቢያ ስንሄድ የምትሰጠንን ትንሽ ካርድ ማሰብ ይበቃል። ካርዷ ላይ ያለው ስምና ቁጥር ነው፤ የሕመማችን ታሪክ ያለው ካርድ ክፍል፣ መደርደሪያ ላይ ነው። ቁጥሯን ስናሳይ ፋይሉ ይወጣል። ኩኪም ተከፍቶ ቢታይ ያለው ይኸው ነው፦ የሰጠው ድረ ገጽ አድራሻ፣ ትርጉም የሌለው የሚመስል ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር፣ የሚያበቃበት ቀን። ፋይሉ ያለው ሩቅ ነው፤ እኛ አናየውም።

የፈጠረው ሉ ሞንቱሊ የተባለ የኔትስኬፕ መሐንዲስ ነው፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1994። ያን ጊዜ ድረ ገጽ ደንበኛውን አያስታውስም ነበር። አንድ ገጽ ሰጥቶን ሁለተኛውን ስንጠይቀው እንደ አዲስ እንግዳ ያየናል፤ ዘንቢል ውስጥ ያስገባነው ዕቃ ገጽ በቀየርን ቁጥር ይጠፋል ማለት ነው። ቀላሉ መፍትሔ ለእያንዳንዱ ብሮውዘር አንድ ቋሚ መለያ ቁጥር መስጠት ነበር። ሞንቱሊ ግን ይህን አልፈለገም፤ ሁሉም ድረ ገጽ ያንኑ ቁጥር ካየ ሰው የትም ቢሄድ ይታወቃል። ስለዚህ እያንዳንዱ ድረ ገጽ የራሱን ካርድ እንዲሰጥ፣ የሰጠውም ብቻ እንዲያየው አደረገ። ይህን ሳውቅ ለኩኪ ያለኝ አመለካከት ተለወጠ። ሲወለድ ገመናን እንዲጠብቅ ታስቦ ነበር።

ታዲያ የአጎቴን ነገር ማን አወጣው? አንድ የዜና ገጽ አንድ ቤት ይምሰል እንጂ ከብዙ ቤት የተዋጣ ነው። ጽሑፉ ከዜናው አዘጋጅ ይመጣል፤ ማስታወቂያው ከሌላ ኩባንያ ሰርቨር፣ የ«ላይክ» ምልክቱ ደግሞ ከሦስተኛ። ብሮውዘራችን ማስታወቂያውን ሊያመጣ ሲሄድ የማስታወቂያው ኩባንያም የራሱን ካርድ ይሰጠዋል። ያው ኩባንያ በሺህ ድረ ገጾች ላይ ቦታ ስላለው፣ በክሊኒኩም፣ በሱቁም፣ በመጻሕፍት ቤቱም በር ላይ አንድ ሰው ቆሞ «ካርድዎን» እያለ እንደሚመዘግብ ነው። የሦስተኛ ወገን ኩኪ የሚባለው ይህ ነው።

አደጋው ቀድሞ ታይቷል። በ1997 የኢንተርኔትን ደንብ የሚያወጡት ባለሙያዎች ብሮውዘሮች ይህን ዓይነቱን ኩኪ ከመነሻው እንዳይቀበሉ በጽሑፍ አሳስበው ነበር። በጊዜው ገበያውን የያዙት ኔትስኬፕና ማይክሮሶፍት አልተከተሉትም። በኔ እምነት የተሳሳትነው እዚያ ላይ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ ጉግል በዚሁ ሥራ የታወቀውን ደብልክሊክን በ3.1 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማማ። የመዝገቡን ዋጋ ከዚህ መገመት ይቻላል።

አሁን መልሱ እንደምንጠቀምበት ብሮውዘር ይለያያል። የአፕል ሳፋሪ ከ2020 ጀምሮ የሦስተኛ ወገን ኩኪን ሙሉ በሙሉ ያግዳል። ፋየርፎክስም ለእያንዳንዱ ድረ ገጽ የተለየ ማስቀመጫ እየሰጠ ካርዱ ከቤት ወደ ቤት እንዳይዞር ያደርጋል። ክሮም በ2020 አስቀራለሁ ብሎ አስታወቀ፤ በ2024 ሐሳቡን ተወ። እኛ አገር ደግሞ አብዛኛው እጅ ላይ ያለው አንድሮይድ ስልክ ከነክሮሙ ነው። ስለዚህ ሥራው የኛ ነው፦ ሦስቱን ነጥብ ነክቶ «ቅንብሮች» ውስጥ መግባት፣ «የሶስተኛ ወገን ኩኪዎች» የሚለውን ፈልጎ ማገድ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አልፎ አልፎ አንድ ገጽ በትክክል አልሠራ ሊል ይችላል፤ ለዚያ ገጽ ብቻ መፍቀድ ይቻላል። እንደ ዩብሎክ ኦሪጅን ያለ ማገጃ ፋየርፎክስ ላይ የጫነ ሰው ደግሞ መከታተያዎቹ ጭራሽ ስለማይወርዱ ፓኬጁም ይቆይለታል። የሜጋባይት ዋጋ ለሚያሳስበው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ኩኪን ማገድ ግን ሁሉንም በር አይዘጋም። ካርድ ባንይዝም መልካችን ያስታውቃል፦ የስክሪናችን መጠን፣ የጫንናቸው የፊደል ዓይነቶች፣ የሰዓት ክልላችን፣ የመረጥነው ቋንቋ። ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን በ2010 ከ470 ሺህ በላይ ብሮውዘሮችን መርምሮ 83.6 በመቶው ከሌላው ጨርሶ የማይመሳሰል ምልክት እንዳለው አሳይቷል። ይህ እኛን በተለይ ይመለከተናል። ኖርዌይ ውስጥ ባለች ትንሽ ከተማ ስልኩን በአማርኛ የሚጠቀም ሰው ቋንቋው ብቻ ከሕዝቡ መካከል ነጥሎ ያወጣዋል።

ሕግም አለን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 ግላዊ ሕይወትን ያስከብራል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ሆኖም «ሁሉንም ተቀበል» የሚለውን ቁልፍ ሳያነብ የሚጫን ሰው ፈቃዱን ራሱ እየሰጠ ነው። አጠገቡ «አልቀበልም» የሚል ካለ እሱን መጫን ያው አንድ ንክኪ ነው።

ለአጎቴ «ማንነት የማያሳውቅ» የሚለውን ጥቁር ገጽ አሳየኋቸው። ኔትወርክ የሚሰጠው ድርጅትና የሚከፍቱት ድረ ገጽ እንደሚያዩዋቸው፣ ስልኩ ላይ ግን ገጹ ሲዘጋ ኩኪው አብሮ እንደሚጠፋ ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ። አሁን ክትትል ጀምረዋል፤ ለባለቤታቸውም ራሳቸው ነግረዋቸዋል። ስልኬን ሲዋሱ ግን መነጽራቸውን እያስተካከሉ፣ «እስቲ ያን ጥቁሩን ክፈትልኝ» ይሉኛል።