ክረምት ሳይገባ ጣሪያውን፣ ጎርፍ ሳይመጣ ቦዩን

በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ስለ ሳይክሎን ስንማር አንድ ጓደኛችን «ይሄ እኮ የባሕር ነገር ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሳይክሎን ኃይሉን የሚያገኘው ከሞቃት የባሕር ውኃ ስለሆነ የብስ ላይ ሲወጣ ይደክማል። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ሳጋር የተባለው ሳይክሎን ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ተነሥቶ ዝናቡ እስከ አገራችን ምሥራቃዊ ክፍል ደርሶ ነበር። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ግን ከባሕር የራቁ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው ደጋዎች ናቸው።

እኛን የሚያገኘን ነፋስ፣ በረዶ፣ መብረቅና ጎርፍ ነው። ባለፈው ክረምት መግቢያ ሱሉልታ የሚኖሩ የአንዷ ጓደኛችን ቤተሰቦች ጣሪያቸው ተነሥቶ ሌሊቱን ጎረቤት አደሩ። ሰው አልተጎዳም፤ እህሉና የወንድሟ የትምህርት ማስረጃ ግን በሰበሰ። «ሳይቃጠል በቅጠል» ነውና ያወቅነውን እንጽፋለን።

ስለ ጣሪያ፦ ነፋስ ቆርቆሮን በታዛው ሥር ገብቶ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ በላይ የሚያልፈውም ይስበዋል። ስለዚህ በመጀመሪያ የሚላቀቀው የዳርና የማዕዘን ቆርቆሮ ነው። በግንቦት የላላውን ምስማር እንምታ፤ የጣሪያውን እንጨት ከምሰሶው ጋር በወፍራም ሽቦ እንሰር። ድንጋይ መጫን ልማድ ነው፤ ቆርቆሮው ሲነሣ ግን ድንጋዩ ሰው ላይ ይወድቃል። ነፋስ ሲበረታ በርና መስኮት ይዘጋ። ማስረጃና የመሬት ደብተር በፌስታል ተጠቅልሎ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ።

ስለ ጎርፍ፦ የሰበታና የቡራዩ ውኃ ወደ አዋሽ፣ የሱሉልታው ወደ ሙገርና ዓባይ ይወርዳል። ከወጨጫ ተዳፋት የሚመጣው ይሮጣል፤ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ያለው ይተኛል። በሁለቱም ቦታ ቤቱን የሚዞር ቦይ በሰኔ መግቢያ ይጠረግ፤ ቆሻሻም አይጣልበት። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ ላይ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የሞተው ሕዝቡ ተኝቶ ሳለ ነው። ከላይ በደጋው የዘነበው ውኃ ነው ከተማው ላይ የወረደው። እንግዲህ ደጃችን ላይ ስላላካፋ ወንዙ ሰላም ነው ማለት አይደለም። ውኃው ከደፈረሰና ግንድ ይዞ ከመጣ ወደ ከፍታ እንሂድ፤ ዕቃ ለማውጣት አንመለስ። ፈጥኖ የሚሄድ ውኃ ጉልበት ድረስ ብቻ ቢሆንም ትልቅ ሰው ይጥላል። ጎርፍ የገባበትን የጉድጓድ ውኃ ሳናፈላ አንጠጣ፤ የወደቀ የመብራት ሽቦም አንንካ።

ስለ መብረቅ፦ ብልጭታው ከታየ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ሰከንድ እንቁጠር፤ ለሦስት ብናካፍለው ርቀቱን በኪሎ ሜትር እናገኛለን። ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ ቅርብ ነውና ቤት እንግባ። ለብቻው የቆመ ዛፍ ሥር መጠለል ትልቅ ስሕተት ነው። ከብት የሚጠብቁ ታናናሾቻችን ይህን ይወቁ።

ነገ ክፍል ስንረከብ እነዚህ ልጆች በእጃችን ናቸው። «ትምህርት ቤት ሐምሌና ነሐሴ ዝግ ነው» ብለን አንዘናጋ፤ በሰኔ ፈተናና በመስከረም መክፈቻ ወንዙ ይሞላል። ወንዝ ተሻግሮ የሚመጣው ተማሪ ማን እንደሆነ በመጀመሪያው ሳምንት እንመዝግብ። ዝናቡ ከበረታ ውኃው እስኪጎድል ይዘነው እንቆይ። ወላጅ «ልጄን ለምን አስመሸህ?» ብሎ ይቆጣ ይሆናል። ይቆጣ። ልጁ በደኅና ቤቱ ይግባ እንጂ ቁጣውስ ይበርዳል።