በዛ ማለት ቶሎ ይተካል ማለት አይደለም

የባሕር ኪያር ስሙ አትክልት ቢመስልም የባሕር ኮከብ ዘመድ የሆነ እንስሳ ነው። ብዙዎቹ ዝርያዎች አሸዋ እየዋጡ ምግባቸውን ከውስጡ ያወጣሉ። በሰሜን አትላንቲክ፣ ከሜይንና ከኒውፋውንድላንድ እስከ አይስላንድ ባለው ቀዝቃዛ ውኃ የሚኖረው ኩኩማሪያ ፍሮንዶሳ ግን ሌላ መንገድ መርጧል። ጅረት በሚያልፍበት ድንጋይ ላይ ተጣብቆ አሥር ቅርንጫፋማ እጆቹን ይዘረጋል፤ ደቃቅ አልጌ ሲጠመድባቸው አንድ በአንድ ወደ አፉ አስገብቶ ይልሳቸዋል። ገበታው የሚሞላው አልጌው በሚያብብበት በጸደይና በበጋ ነው። በክረምት እጆቹን ሰብስቦ ይጾማል ማለት ይቻላል። በዚያ ቅዝቃዜ፣ በዓመት ጥቂት ወራት ብቻ እየበላ የሚኖር እንስሳ ታዲያ እንዴት በፍጥነት ሊያድግ ይችላል? ለገበያ እስኪደርስ ብዙ ዓመታት ይፈጅበታል።

«የባሕሩን ወለል ሞልቶት የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ በአንዳንድ ቦታ ተደራርቦ ይገኛል። ነገር ግን ያ ክምችት የአንድ ዓመት ምርት ሳይሆን የብዙ ዓመታት ቁጠባ ነው። «እጮቹ በጅረት ተጉዘው በአጨዳ የተራቆተውን ቦታ ይሞሉታል» የሚለው መከራከሪያ የተሻለ ነው፤ አስኳል ስንቃቸውን ይዘው ለሳምንታት ይንሳፈፋሉና። ሆኖም እንቁላሉና የወንዴው ዘር የሚገናኙት ውኃ ውስጥ ነው። ወላጆቹ ከተራራቁ ዘሩ ሳይገናኝ ይበተናል። ስለዚህ ከጠቅላላ ቁጥሩ ይልቅ ከአጨዳ በኋላ የሚቀሩት ምን ያህል ተቀራርበው እንደሚገኙ ቢለካ እመርጣለሁ።